ከልዑል ዓለማየሁ ጋር ፎቶግራፍ የተነሣው ባለ ጦር ልብስ ማን ነበር?

የልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስን ታሪክ በመጽሐፍም ሆነ በቴሌቪዥን መስኮት የተከታተለ ሰው አንድ ፎቶግራፍ ከዓይኑ አይጠፋም። የሰባት ዓመት ብላቴና የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ ፊቱ በኀዘን ጠቁሮ ይታያል። ከጎኑ ደግሞ ጢሙን ያሳደገ፣ ቁመቱና ትከሻው ምስሉን የሞላው ግዙፍ ሰው አለ። የለበሰው የሐበሻ ጦረኛ ልብስ ነው፤ ለምዱም ጋሻውም የእኛው አገር ነው። ልጁ ወደ እርሱ ተጠግቷል። ምስሉን ያለ ማብራሪያ ያየ ሰው ይህን ባለ ጦር ልብስ ከዐፄ ቴዎድሮስ ደጃዝማቾች አንዱ፣ ወይም የልጁ አጎት፣ አልፎም ራሳቸው ንጉሡ አድርጎ ቢገምት አይፈረድበትም።

ንጉሡ ግን አይደሉም። ፎቶግራፉ የተነሣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በሐምሌ 1868 ሲሆን ዐፄ ቴዎድሮስ ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳልፈዋል። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናያቸው የንጉሡ መልኮችም በካሜራ የተነሡ ሳይሆኑ በሠዓሊዎች እጅ የተሣሉ ናቸው። ሰውዬው የልጁ አጎትም አይደለም። የኢትዮጵያ ተወላጅ እንኳ አልነበረም።

ልብሱ የሚያሳስተው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን ለሠራዊት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚሰፋ የደንብ ልብስ አልነበረም። ማዕረግን የሚናገሩት ለምዱ፣ ካባው፣ የጋሻው ጌጥና የጎራዴው አፎት ነበሩ። እነዚህን የሚሸልመው ደግሞ ንጉሥ ወይም መኳንንት ነው። ስለዚህ ልብሱ ለባሹ ማንን እንዳገለገለ ይናገራል እንጂ የማን ልጅ እንደ ሆነ አይናገርም። በቤተ መንግሥታችን ሥርዓት ውስጥማ በልብስ ማሳሳት ራሱን የቻለ ሹመት ነበር። ሊቀ መኳስ የሚባለው ባለሟል በጦርነት ጊዜ የንጉሡን የሚመስል ልብስ ለብሶ ይቆማል፤ ጠላት ንጉሡን ለይቶ እንዳይመታ ነው። ይህን ሹመት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ይዞ የነበረው ዮሐንስ የተባለው እንግሊዛዊ ጆን ቤል እንደ ነበረ ስናስታውስ፣ የሐበሻ ልብስ የለበሰ እንግሊዛዊ በንጉሡ ሰፈር እንግዳ ነገር እንዳልነበረ እንረዳለን።

የፎቶግራፉ እንቆቅልሽ የተፈታው በጽሑፍ ነው። ፎቶግራፉን ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል እንግሊዛዊት ናት። የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በአርባ ስምንት ዓመቷ ሲሆን፣ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ በምትገኘው ዋይት ደሴት ተቀምጣ የዘመኑን ታላላቅ ሰዎች ታነሣ ነበር። ሥራው አድካሚ ነው። ብርጭቆው በመድኃኒት ተቀብቶ ሳይደርቅ ካሜራ ውስጥ ይገባል፤ ተነሺው ትንፋሹን ውጦ ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። በልጁ ፊት ላይ ከሚታየው ድንዛዜ ጥቂቱ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ሌላው ግን ከመቅደላ የመጣ ነው። ካሜሮን ከምስሎቿ ሥር የተነሺዎቹን ስም የመጻፍ ልማድ ነበራት። በእነዚህ ምስሎች ሥር ሦስት ስሞች ይገኛሉ፤ ደጃች ዓለማየሁ፣ ካሳ እና ባሻ ፈለቀ።

ባሻ ፈለቀ የተባለው ትሪስትራም ቻርልስ ሶየር ስፒዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1836 በሕንድ አገር፣ በሜሩት ከተማ፣ ከወታደር ቤተሰብ ተወለደ። ቁመቱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ጢሙ ቀይ፣ ቋንቋ ቶሎ የሚገባው ሰው ነበር። እንደ አባቱ በሕንድ ውትድርና ገብቶ ጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ በ1860 ገደማ ሥራውን ለቆ ዝሆን ለማደን ወደ ኢትዮጵያ መጣ።

የመጣበት ጊዜ ለዐፄ ቴዎድሮስ የኀዘን ጊዜ ነበር። ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በጎንደር አካባቢ በሽፍቶች እጅ ወድቆ ሞቷል። ሊቀ መኳስ ዮሐንስም ንጉሡን ሲከላከል በውጊያ ላይ ወድቋል። ሁለቱን እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸውን በአንድ ዓመት ያጡት ንጉሥ፣ ውትድርና የሚያውቅ አዲስ እንግሊዛዊ ሲመጣላቸው በደስታ ተቀበሉት። ጦራቸውን በአውሮፓ ሥርዓት እንዲያሠለጥንላቸው ፈለጉ፤ ባሻ የሚል ማዕረግና ፈለቀ የሚል ስምም ሰጡት። ስፒዲ አማርኛን የተማረው በዚህ ሰፈር ነው። ከመኳንንቱም ከጭፍራውም ጋር እየዋለ የተማረው ቋንቋ ኋላ የሕይወቱ እንጀራ ሆነለት።

ፍቅሩ ግን አልዘለቀም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በንጉሡና በእርሱ መካከል ጥርጣሬ ገባ፤ ስፒዲ ተሰናብቶ ወጣ። ለጥቂት ጊዜ በምጽዋ የእንግሊዝ ምክትል ቆንስል ሆኖ ሠራ፤ ከዚያም ወደ ኒውዚላንድ ተሻግሮ እንግሊዞች ከማኦሪ ሕዝብ ጋር በሚዋጉበት ጦር ውስጥ ሻምበል ሆነ። ለእንግሊዝ መንግሥት ከላኩት ደብዳቤ መልስ ያጡት ዐፄ ቴዎድሮስ እንግሊዛውያንን ባሰሩ ጊዜ እርሱ ከኢትዮጵያ እጅግ ርቆ ነበር።

ጄኔራል ሮበርት ናፒየር እስረኞቹን ለማስለቀቅ ከሕንድ ተነሥቶ ሲዘምት አንድ ነገር ጎደለው። አሥራ ሦስት ሺህ የሚደርስ ወታደር፣ መድፍ የሚሸከሙ አርባ አራት ዝሆኖች፣ የባቡር ሐዲድና የቴሌግራፍ ሽቦ ሳይቀር ይዞ ዙላ ወደብ ወርዷል። የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ መኮንን ግን እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ስፒዲ ከዓለም ጫፍ ተፈልጎ ተጠራ። የዐፄ ቴዎድሮስን እንጀራ በልቶ ስም የተሰጠው ሰው፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የሚዘምተው ጦር አስተርጓሚ ሆኖ ተመለሰ። ይህን ክህደት የሚሉት ይኖራሉ። እርሱ ግን ለንጉሡ መሐላ ያለበት ዜጋ አልነበረም፤ ለገዛ መንግሥቱ የሠራ መኮንን ነበር። ለኢትዮጵያውያን የመረረው ቋንቋው ከገዛ ሰፈራቸው መገኘቱ ነው።

መቅደላ ወደቀ፤ መጻሕፍቱ፣ ጽላቶቹና የወርቁ ዘውድ ተዘረፉ። እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከልጃቸው ጋር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። የሰሜኑ የደጃዝማች ውቤ ልጅ የሆኑት እቴጌ ግን ታመው ነበር፤ ከንጉሡ ሞት አንድ ወር እንዳለፈ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ቀብራቸውም በእንደርታ፣ በጨለቆት ሥላሴ ተፈጸመ። በሚያዝያ አባቱን፣ በግንቦት እናቱን ያጣው ልጅ በናፒየር ትእዛዝ ለስፒዲ ተሰጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከመኮንኖቹ መካከል ከልጁ ጋር በአማርኛ መነጋገር የሚችለው እርሱ ነበር።

የዐፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል የጻፉት አለቃ ዘነብ የልጁ መምህር ሆነው አብረው ተነሥተው ነበር። ነገር ግን እንግሊዝ ሳይደርሱ ከመንገድ ተመለሱ። የልጁን ፊደል፣ ጸሎትና የአባት ታሪክ ሊጠብቁ የሚችሉት እኒህ ሊቅ ሲቀሩ፣ ዓለማየሁ በአማርኛ የሚያናግረው ትልቅ ሰው በዋነኛነት ባሻ ፈለቀ ብቻ ሆነ።

መርከባቸው በሐምሌ አጋማሽ ፕሊመዝ ደረሰች። ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያ ወቅት በዋይት ደሴት በሚገኘው ኦዝቦርን ቤተ መንግሥታቸው ነበሩ፤ ልጁንም በዚያ ተቀበሉት። ስፒዲ በፊታቸው የቀረበው የሐበሻ ልብሱን ለብሶ ነው። የካሜሮን ቤት እዚያው ደሴት ላይ ነውና ፎቶግራፎቹ የተነሡት በዚሁ ሰሞን ነው። እንግዲህ ያን ልብስ ስናይ ሁለት ነገር አብረን ማየት ይኖርብናል። ለእንግሊዝ ተመልካች ትርኢት ነበር፤ ከሩቅ አገር የመጣ ጀብደኛ ድሉን በገላው ላይ ለብሶ ይታያል። ለልጁ ግን ከቤቱ የቀረችው ፍርፋሪ ናት። በዚያን ጊዜ ዓለማየሁ ሌሊት ስፒዲ ከአጠገቡ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። በምስሉ ላይ የሚታየው መጠጋት በፎቶግራፍ አንሺዋ ትእዛዝ ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ስፒዲ ኮርኔሊያ ኮተን የተባለች የደሴቲቱን ነዋሪ አገባ። ባልና ሚስቱ ዓለማየሁን እንደ ልጃቸው ይዘው ወደ ሕንድ ተሻገሩ፤ ስፒዲ በሲታፑር የፖሊስ ሹም ሆነ። እንደምገምተው እነዚያ ጥቂት ዓመታት ከመቅደላ በኋላ ልጁ ቤት የሚመስል ነገር ያገኘባቸው ብቸኛ ዓመታት ናቸው። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ በኢትዮጵያ ሆነው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ የልጅ ልጃቸው ግን የሚነበብለትን አማርኛ ቀስ በቀስ እየረሳ ነበር።

ስፒዲ ወደ ፔናንግ፣ የዛሬዋ ማሌዥያ፣ ሲዛወር በለንደን ክርክር ተነሣ። የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ሎው የልጁ ወጪ በመንግሥት የሚሸፈን በመሆኑ፣ ከአገር አገር ከሚንከራተት መኮንን ጋር መኖሩ ይብቃና በእንግሊዝ ትምህርት ቤት ይግባ አለ። ንግሥቲቱ ልጁን ከሚወደው ሰው መለየቱን ተቃወሙ፤ ያሸነፈው ግን መንግሥት ሆነ። ዓለማየሁ በቼልተንሃም በመምህር ጄክስ ብሌክ እጅ ተሰጠ፤ እኒሁ መምህር በ1874 የራግቢ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሲሆኑም ይዘውት ሄዱ። በ1878 ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ደስታ አላገኘበትም። በመጨረሻ በሊድስ ከተማ በቀድሞ አስተማሪው ቤት ሳለ በሳንባ በሽታ ታሞ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879 ዐረፈ። ዕድሜው አሥራ ስምንት ነበር። በንግሥት ቪክቶሪያ ትእዛዝ በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ።

ባሻ ፈለቀ በእነዚህ ዓመታት የት ነበር? በማላይ ምድር ሌላ ንጉሥ ሲያገለግል ነበር። በላሩት የቆርቆሮ ማዕድን ላይ ሁለት የቻይናውያን ማኅበራት ደም ሲፋሰሱ የአገሩ ገዥ ንጋ ኢብራሂም የጦር ሰው ፈለገ። ስፒዲ የፔናንግ የፖሊስ ሥራውን ለቆ በ1873 ወደ ሕንድ ሄደ፤ ከመቶ የሚበልጡ ሲኮችና ፓታኖች መልምሎ ለገዥው ተሰለፈ። በማግስቱ ዓመት እንግሊዞች አካባቢውን በውል ሲይዙ ደግሞ የእነርሱ ምክትል ሹም ሆነ። ታይፒንግ የተባለችው የማዕድን ከተማ በእርሱ ሹመት ዘመን የተቆረቆረች ናት፤ ስሟም የዘላለም ሰላም ማለት ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ታሪክ እዚያ ተደገመ ለማለት ያስደፍራል፤ ለአገሬው ገዥ ጦር አሠልጣኝ ሆኖ መግባት፣ ኋላ ለእንግሊዝ መንግሥት መሥራት። በ1877 ከዚያም ለቆ ወጣ።

ኢትዮጵያን ግን አልረሳትም፤ እርሷም አልተወችውም። በ1884 የእንግሊዙ አድሚራል ዊልያም ሂወት ወደ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲላክ አስተርጓሚው ያው የመቅደላው ሰው ነበር። በዓድዋ ሰኔ 3 ቀን የተፈረመው ውል ለኢትዮጵያ ብዙ ተስፋ የሰጠ ነው። ግብፅ የያዘችው የቦጎስ አገር ይመለስ ነበር፤ በምጽዋ በኩልም ዕቃ በነጻ ያልፍ ነበር። በምላሹ ዐፄ ዮሐንስ በሱዳን መሐዲስቶች የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ይረዳሉ። ንጉሡ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ራስ አሉላም በኩፊት ከመሐዲስቶች ጋር ተዋጉ። እንግሊዝ ግን ውሉ ዓመት ሳይሞላው፣ በየካቲት 1885፣ ጣሊያን ምጽዋን ስትይዝ ፈቅዳ ዝም አለች። ተርጓሚ የላኪውን ልብ ሊያውቅ አይገደድም። ሆኖም ከመቅደላ በኋላ ከኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ጋር በተደረገው ታላቅ ውል ላይ የተሰማው አማርኛ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር የተለመደው አማርኛ መሆኑ ያስገርማል።

ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። በ1897 በሬኔል ሮድ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ አዲስ አበባ ገብቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ሲዋዋል፣ ዕድሜው ስድሳ የደረሰው ስፒዲ አብሮ ነበር። ምኒልክ በወጣትነታቸው በመቅደላ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ የነበሩ ናቸውና፣ ንጉሡና አስተርጓሚው አንድ ዘመን የሚያስታውሱ ሁለት ሽማግሎች ሆነው ነው የተገናኙት። እ.ኤ.አ. በ1910 ስፒዲ አረፈ።

የዓለማየሁ ነገር ግን አላበቃም። የኢትዮጵያ መንግሥት ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመን ጠይቋል። በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በሰጠው መልስ የልዑሉን ዐፅም ማውጣት በአካባቢው የተቀበሩትን የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ የሚቻል አይደለም ብሏል። በዚያው ዓመት ግን ከዓለማየሁ ራስ የተቆረጠች ጉንጉን ፀጉር ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ተጠብቃ የኖረችው በስፒዲ ቤተሰብ ወራሾች እጅ ነው። መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል አንድ ቤተሰብ ያስቀመጣት ያቺ ፀጉር፣ ባሻ ፈለቀ ለልጁ ምን እንደ ነበረ ከልብሱ የበለጠ ትናገራለች።

ከሦስቱ ተነሺዎች ሁለቱ በዚህ ታወቁ። ሦስተኛው ካሳ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የምስል ማዕከል መዝገብ የልዑሉ አገልጋይ ይለዋል፤ ከስሙ ቀጥሎ የአባት ስም የለም። በዚያ ዘመን ካሳ የሚለው ስም እጅግ የተለመደ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ነበሩ። ይህ ካሳ ግን የሐበሻ ልብሱን የለበሰው ልብሱ የገዛ አገሩ ስለ ሆነ ነው። በመቅደላ፣ በደላንታ፣ በደብረ ታቦር ወይም በሰሜን፣ ካሳ የሚባል ወገናችን ከእቴጌይቱ ልጅ ጋር ባሕር ተሻገረ እያለ ከአያት ከቅድመ አያት የተቀበለ ቤተሰብ ካለ፣ ሦስተኛውን ሰው በአባቱ ስም የሚጠራው እርሱ ነው።